ጋሼ ላምቦሬ የፈሩት ቃል

ጋሼ ላምቦሬ ማረፋቸውን የነገረችኝ ድሮ አብራን ትሠራ የነበረችው ሒሩት ናት። ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ባለችው ፒከሪንግተን፣ የልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር።

"ቀኑን ሙሉ ኮል ላደርግልሽ እየፈራሁ ነው የዋልኩት" አለችኝ። "ልባቸው ነው አሉ። እቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ። ጠዋት ከልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ፣ ሲስቁ ነበር።"

አለቀስኩ። ከእንባዬ ቀድሞ የመጣው ግን እፎይታ ነበር፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። "ተመስገን፣ አፋቸው ሳይከዳቸው ሄዱ" አልኩ ሳላስበው።

"ምን አልሽ?" አለች ሒሩት።

"ምንም።"

ምን ብዬ በስልክ ላስረዳት? ነገሩ ረጅም ነው። ከመጀመሪያው ካልተነገረ አይገባም።

የሁለት ዓመት ልጄን ይዤ በዲቪ ኮሎምበስ በገባሁ በአምስተኛው ወር፣ ካርቶን ከማነሳበት የኒው አልባኒ ዌርሃውስ ወጥቼ በከተማው ሰሜን በኩል አንድ ነርሲንግ ሆም ተቀጠርኩ። ሥራዬ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ ነበር። ካርቶን አይናገርም፤ ሰው ግን ይናገራል። ያውም ጥርስ በሌለው አፍ፣ ግማሹን ቃል ውጦ። እያንዳንዱ ክፍል በር ላይ ታማሚው ሲጠራ የሚበራ መብራት አለ። ያ መብራት በበራ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ ራሴን እጠይቃለሁ። አሁን ምን ሊለኝ ነው? ሳይገባኝ ቢቀርስ? ታምሜያለሁ ሲለኝ ውሃ ባቀርብለትስ?

ያሠለጠኑኝ ጋሼ ላምቦሬ ናቸው። ስልሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው፤ የሥራ ልብሳቸውን የሠርግ ልብስ ይመስል ተኩሰው የሚለብሱ። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አይጠፋም። የመጀመሪያ ቀን ያስተዋልኩት ግን ፈሪነታቸውን ነው። ብሬክ ሩም ሲገቡ በሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጡም። የተዘጋ በር ከመክፈታቸው በፊት ይሞቅ እንደሆነ በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ ያደርጉታል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲያስነጥስ ኮሪደር ይቀይራሉ።

"ምን ፈርተው ነው ጋሼ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማሽም? እኔም ለእናቴ ነኝ" አሉኝ፤ ሳይስቁ።

ከምባታ ነው የተወለዱት። የካቶሊክ ቄስ ለመሆን ሚሲዮን ገብተው ሰባት ዓመት ላቲን ተምረዋል። ኋላ ሚስት አገቡ። "ቅስናው ቀረብኝ፣ ላቲኑ ቀረልኝ" ይሉ ነበር። በስደት ብዙ አገር ዞረው እዚህ ከገቡ በኋላ ደግሞ የእንግሊዝኛን ቃል ሁሉ እንደ ሰዓት እየፈታቱ ማየት ያዙ። የትኛው ከየት መጣ፣ የማን ልጅ ነው፣ ከማን ጋር ይዛመዳል። ደብተራቸው በዚህ የተሞላ ነበር።

ፍርሃቴን አይተው ነው መሰለኝ በሁለተኛው ሳምንት አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ስሚ ትዕግሥት። ይኼን ቋንቋ አንድ ሕዝብ ብቻውን አልሠራውም። ሥሩ የጀርመንኛ የአክስት ልጅ ነው። ኋላ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ጌቶች አገሩን ወረው ያዙና የራሳቸውን ቃል ከላይ ጫኑበት። አጫጭሩ ቃል የገበሬው ነው፤ ረጃጅሙ የጌታውና የቄሱ። ሄልፕ፣ ኮልድ፣ ዌት፣ ቤድ፤ ይኼ ሁሉ የገበሬው ነው። የታማሚው ቻርት ላይ የምታዪው፣ የሚያስፈራሽ ደግሞ የጌታው። ሰው ሲታመምና ሲፈራ የሚጠራው አጭሩን ነው። እሱን ብቻ ስሚ።"

እውነታቸውን ነበር። አጭሩን ቃል መፈለግ ስጀምር፣ መብራቱ ሲበራ በሩ ላይ መቆሜን ተውኩ።

ሁሉም የሚያጽናና አልነበረም። "ጌስት የሚለውና ሆስታይል የሚለው ድሮ አንድ ቃል ነበሩ፣ ታውቂያለሽ?" ይሉኛል ምሳዬን እየበላሁ። "ከውጭ የመጣ ሰው ማለት ነው። እንግዳ ይሁን ጠላት ገና አልታወቀም። እኔና አንቺም እዚህ አገር እንደዚያው ነን፤ ገና አልለየልንም።" ምሳዬን እከድናለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል የሚስ ኦና ሆነ። ሰማንያ ምናምን ዓመቷ ነው፤ ከክሊቭላንድ አምጥቶ ያስገባት እዚሁ አጠገባችን ዎርዝንግተን የሚኖረው አንድ ልጇ ነው። የመርሳት በሽታ እንግሊዝኛዋን ጠራርጎ ወስዶባታል። ቻርቷ ላይ "ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ" ይላል፤ ከአፏ የሚወጣው ግን ማናችንም የማናውቀው ነገር ነው። ነርሶቹ "ዝም ብላ ነው የምትለፈልፈው" ይሉ ነበር። ስትጮህ ማስታገሻ ይሰጧታል፣ ዝም ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ከጋሼ ላምቦሬ ጋር ከአልጋ ወደ ዊልቸር ልናሻግራት "ዋን፣ ቱ፣ ትሪ" ብለን አነሳናት። ሚስ ኦና ተቀበለችን። "ቪየናስ፣ ዱ፣ ትሪስ፣ ኬቱሪ፣ ፔንኪ፣ ሼሺ፣ ሴፕቲኒ..." ጋሼ ላምቦሬ ሴትዮዋን እንደያዙ ድርቅ አሉ።

"ጋሼ፣ ከበደችኝ!"

"ሰማሽ? ሴፕቲኒ! ላቲኑ ሴፕቴም ነው፤ ሰባት። ዱ፣ ዱኦ። ትሪስ፣ ትሬስ። ይኼ ልፍለፋ አይደለም ትዕግሥት። እየቆጠረች ነው! የዘመድ ቋንቋ ነው!"

እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀት ዘርግተው ያስረዱኝ ጀመር።

"ግዕዝ ቤተ ክርስቲያን ሰምተሻል። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ። ትግርኛው ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ ይላል። ዘመድ መሆናቸውን ለማወቅ ጆሮ ይበቃል። ግዕዝ ኮነ ያለውን አማርኛ ሆነ አለው፤ ከ ላልታ ሀ ሆነች። የአውሮፓዎቹም እንደዚሁ ነው። ላቲን ኮርኑ ያለውን እንግሊዝ ሆርን አለው፤ ቀንድ። እዚያም ከ ሀ ሆነች። ላቲን ፈ የሚልበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሎቹ ደ ይላሉ። በር በላቲን ፎሪስ፣ በእንግሊዝኛ ዶር። ድምፅ ዝም ብሎ አይለወጥም፣ ሕግ አለው። አብዛኞቹ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። እናቲቱ ሳትጻፍ ሞታ፣ ልጆቿ ተበትነው ነው።"

እሑድ ልጇ ሲመጣ ጠየቁት። "ሊትዌኒያኛ ነው" አለ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ፀጉሩ የሸበተ። "እናቴ አላስተማረችኝም። አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ ይበቃሃል ነበር የምትለኝ።" ጋሼ ላምቦሬ ከላይብረሪ መጽሐፍ ተውሰው የቃላት መዝገብ ማዘጋጀት ያዙ። በማግሥቱ "ላባስ ሪታስ"፣ እንደምን አደርሽ፣ ብለዋት ሲገቡ ሚስ ኦና እጃቸውን ይዛ አልለቅ አለች።

ሊትዌኒያኛ ባናውቅ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። በዚያው ክረምት፣ ብርዱ በጠናበት ወር፣ ቁርስ እንዳነሳን ሚስ ኦና ጮኸች። "ኡግኒስ! ኡግኒስ!" ጋሼ ላምቦሬ ኮሪደር ላይ ነበሩ። "ኢግኒስ!" አሉ በላቲን። "እሳት! እሳት ነው የምትለው!" ሮጠው ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ የአላርም እጀታ ጎተቱት።

አላርም ከተነካ ሁሉም ሰው ይወጣል፤ ሕጉ ነው። ዊልቸሩን ሁሉ እየገፋን፣ ብርድ ልብስ እየጣልንባቸው፣ በረዶ ላይ አወጣናቸው። እሳት አደጋዎች መጡ፣ ክፍል ለክፍል ፈተሹ፣ ምንም የለም። ሚስተር ዋልተር የሚባሉ፣ ሁልጊዜ የሚያፏጩ ሽማግሌ፣ በዚያ ሳምንት ሳል ጀመራቸው። ሳንባቸው ገብቶ በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ። ሐኪሙ "ሳንባቸው ከድሮም ደካማ ነበር" አለ። ማንም ጋሼ ላምቦሬን በዚህ አልወቀሰም። እሳቸው ግን "ላቲኔ ገደላቸው" አሉኝ።

ሱፐርቫይዘሯ ፋይናል ዋርኒንግ ጽፋ ሰጠቻቸው። ሌላ ጊዜ አላርም በከንቱ ከነኩ ይባረራሉ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ "ዴንጀር የሚለው ቃል ጌታ ከሚለው ነው የመጣው" አሉ። "በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር መውደቅ ማለት ነበር።" ያን ቀን ደብተሩን ሎከር ውስጥ ቆለፉበት። ስለ ቃል ማውራት ተዉ። ሚስ ኦና ያንን ቃል ስትጮህ ደግሞ ወደ ሌላው ኮሪደር ይሄዳሉ። "ስሰማው የሚስተር ዋልተር ሳል ይመጣብኛል" አሉኝ። ፊታቸው ከሳ።

ጸደይ ገባ። ከሰዓት በኋላ፣ የሥራ ሰዓታችን ሊያልቅ ሲል፣ እኔ የሚስ ኦናን አንሶላ እየቀየርኩ፣ ጋሼ ላምቦሬ ንጹሕ ፎጣ ይዘው ገቡ። ሚስ ኦና ወንበሯ ላይ ሆና ክንዴን ጨመደደችው።

"ኡግኒስ።"

ጋሼ ላምቦሬ ፎጣውን ጠረጴዛ ላይ ጥለው ዞሩ። እሷ ግን ቀጠለች። "ዱማይ... ዱማይ..."

በሩ ላይ ቆሙ። ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየኝ።

"ምን አለች?"

"ያንኑ ነው ጋሼ። እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ አለሁ።"

"አይደለም። ሌላ ቃል ጨመረች።"

"ዱማይ!" አለች ሚስ ኦና፣ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ።

ዞሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከንፈራቸው እንደሚጸልይ ሰው ይንቀሳቀሳል። "ደ... ፈ... ፉማይ... ፉሙስ።" ከዚያ አዩኝ። "ጭስ ነው። ትዕግሥት፣ ያን ቀን ጭስ አላለችም።"

አሸተትኩ። የበረኪናና የምሳ ሽታ እንጂ ሌላ የለም። ልጃቸው ኮሌጅ ነው፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም፣ ይኼ ሥራ ቢሄድ ሌላ ምን አላቸው? "ምንም አይሸትም ጋሼ" አልኩ። "ተዉት። ያባርሩዎታል።" ደግሞም ጨመርኩ፤ "ሚስተር ዋልተርን ያስታውሱ።"

ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ።

ወደ አልጋው ራስጌ ሄደው የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከግድግዳው ወዲያ ላውንድሪው፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ዝቅ አድርገው ዳሰሱ፣ ከፍ አድርገው ዳሰሱ። ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው አስቀመጡበት። ግድግዳው ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር ይመስል ነበር።

ተከትያቸው ወጣሁ። እጃቸውን ወደ ቀይዋ እጀታ ሰደዱ። ሁለት ጊዜ አመለጠቻቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑና ጎተቱ።

የልብስ ማድረቂያው የአየር ማውጫ ቱቦ ግድግዳ ውስጥ በተጠራቀመ የጨርቅ ብናኝ ሲጨስ ቆይቶ ነው። ሚስ ኦናን ይዘን መኪና ማቆሚያው ስንደርስ በመስኮቷ ጥቁር ጭስ ይወጣ ነበር። እሳት አደጋዎቹ ግድግዳውን በመጥረቢያ ሲሰብሩት እንጨቱ ከሰል ሆኖ አየነው። ሁሉም ሰው ወጥቷል፣ ማንም አልተጎዳም። ጋሼ ላምቦሬ ግን አላመኑም። ከአንዱ ዊልቸር ወደ ሌላው እየሄዱ በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆጥራሉ። ቀረብ ብዬ ሰማኋቸው። "ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ፣ ሾሎ፣ ኦንቶ..." ምን ቋንቋ እንደሆነ አላወቅኩም። ከምባትኛ መሆኑን ኋላ ነው የነገሩኝ። በዚያ ቋንቋ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ማኔጅመንቱ ፒዛ አዞ፣ ፎቶአቸውን አንሥቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ጋሼ ላምቦሬ ፒዛውን አልቀመሱም። የሚስ ኦና ልጅ መጥቶ እጃቸውን ጨብጦ አልለቅ አለ። ያኔ ነው የተናገረው።

"አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኛለች" አለ። "በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ ቤታቸው ተቃጠለ። ታናሽ እህቷ ውስጥ ቀረች።"

ጋሼ ላምቦሬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰውየው ከሄደ በኋላ "እንግዲህ" አሉኝ በዝግታ፣ "ያን ቀን የሸተታት የኛ ጭስ ይሁን የልጅነቷ፣ ማን ያውቃል?"

"አዳነችን እኮ ጋሼ።"

"በአጋጣሚ ቢሆንስ? እኔ የምሰማት መሰለኝ እንጂ፣ እሷ ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ስትጠራ ቢሆንስ?"

ከዚያ ወዲህ ፍርሃታቸው በዛ እንጂ አልቀነሰም። ሚስ ኦና ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች፣ ጩኸቷንም አልተወችም። አሁን ግን ጋሼ ላምቦሬ ኮሪደር አይቀይሩም። በጠራች ቁጥር የያዙትን ጥለው ይሄዳሉ። አራቱንም ግድግዳ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ፣ መሰኪያውን ሁሉ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ከዚያ አልጋዋ አጠገብ ተንበርክከው "ኡግኒየስ ኔራ" ይሏታል። እሳት የለም። አንዳንድ ቀን አምስት ስድስት ጊዜ። አብረውን የሚሠሩት ልጆች ይሥቁባቸው ነበር። እኔ አልሣቅኩም፤ እጄን ግድግዳው ላይ ያስቀመጡበትን ቀን አልረሳሁም። ሚስ ኦና እየሰማች ትንፋሿ ቀስ በቀስ ይረጋል። ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ እሳቸው ሥራ ላይ ሳሉ፣ ሞተች።

ከቀብሯ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ሺፍት ጨርሰን መኪናዬ ጋ ስደርስ ተከትለውኝ መጡ። "ትንሽ ልቀመጥ?" አሉ። ከጎኔ ገቡ።

"እሷ እኔን አገኘች" አሉ በሩን ዘግተው። "የኔ ተራ ሲደርስስ?"

"ምን ተራ ጋሼ?"

"አእምሮ ሲፈርስ በመጨረሻ የገባው ነው ቀድሞ የሚወጣው። መጀመሪያ እንግሊዝኛው ይሄዳል። ከዚያ ላቲኑ። አማርኛም ለኔ የትምህርት ቤት ነው፣ በሰባት ዓመቴ የተማርኩት፤ እሱም ይሄዳል። የሚቀረኝ የእናቴ ነው። ልጄ አንድ ቃል አያውቅበትም፤ እኔ ነኝ ያላስተማርኩት። አልጋ ላይ ሆኜ ስጮህ ዝም ብሎ ነው የሚለፈልፈው ይሉኛል። ማስታገሻ ይወጉኛል።" ወደ ሕንፃው ዞረው አዩ። "እኔ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ ትዕግሥት። እንደዚህ የፈራሁት ግን የለም።"

ደብተራቸውን አወጡ፤ ከሎከር ካወጡት ቆይተዋል። ባዶ ገጽ ቀድደው ከእስክሪብቶ ጋር ሰጡኝ።

"ጻፊ። ጊራ።"

"ምንድን ነው?"

"እሳት ነው። አታሳጥሪው። ጊይራ በይ።"

"ጊይራ።"

"እንደገና።"

"ጊይራ።"

"ጎሽ። እንዲህ ስል ከሰማሽኝ ግድግዳውን ዳስሺልኝ። እሳት ባይኖርም ዳስሺ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። እንባዬን ለመደበቅ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ።

በሩን ከፍተው ሊወርዱ ሲሉ ዞር አሉ። "ያንቺስ?"

"የኔማ አማርኛ ነው። ኮሎምበስ አማርኛ ሞልቷል።"

"ዛሬ ነዋ። አንቺ ስታረጂ የምትሰማሽ ልጅሽ ናት። እሳት ማለት ታውቃለች?"

ሣቅኩ። "ምን ነካዎት ጋሼ፣ እንዴት አታውቅም!"

መንገዱን ሙሉ ግን ጥያቄው ከጎኔ እንደተቀመጠ ነበር። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። በአማርኛ አወራታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንግባባለን፤ ሌላ አስቤ አላውቅም። ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ተጋድማ ታብሌቷን ታያለች። ኮቴን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ፣

"እሳት!" አልኩ።

ቀና አላለችም።

ድምፄን ከፍ አደረግኩ። "እሳት! የኔ ልጅ፣ እሳት!"

ያን ጊዜ አንገቷን አዙራ፣ ኩሽናው ውስጥ ምድጃው ላይ ያሉትን የሚያበሩ የሰዓት ቁጥሮች አየችልኝ።

"ፎር ፎርቲ፣ ማሚ" አለችኝ።